ሚዛን ተቆጣጣሪው የመረጠው ዱቄት

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለውድ ልጄ ለፌንጣ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደረጃ ሲያይ ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ አለቃሽንም ልብ ይስጠው።

ሰው ዝምድናችንን ሲጠይቀኝ አሁንም እቸገራለሁ። «የአክስቴ ልጅ የልጅ ልጅ ናት» ብዬ ስጀምር አድማጩ መሐል መንገድ ላይ ይጠፋብኛል። ስለዚህ «ቤቴ ያደገች፣ የጓሮ ግንብ ስትዘል የኖረች» እላለሁ። ይበቃል።

የምጽፍልሽ ስለ ዳቦ ነው። አትሳቂ።

እትዬሽ ካረፈች፣ እኔም ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ የእሑድ እራታችን ተበተነ። ታውቂው የለ፤ ወጡ ቢያር፣ ሥጋው ቢጠጥር ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ሰው የሚመጣው እሷ በፓትራ ደርድራ ለምታወጣቸው ለእነዚያ ትንንሽ ክብ ዳቦዎች ነው። አሁን ትልቋ ልጄ እሑድ እሑድ ራሷን ያማታል። የመሐንዲሱ ወንድሟ መኪና ደግሞ እሑድን ጠብቃ ትበላሻለች። ባለፈው ወር ሁለቱም ባንድ ቀን ድነው መጡና፣ «ቤቱን እንሽጠውና አንተን ተራ በተራ እናስቀምጥህ» አሉኝ። ግማሹን ዓመት እሷ ጋ፣ ግማሹን እሱ ጋ። እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መሆኔ ነው፤ ብዘገይ ቅጣቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ክፋት የላቸውም። እነሱ የሚያዩት ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚያጉተመትም ሽማግሌ ነው። ልክ ናቸው፣ አጉተመትማለሁ። ግን የማጉተመትመው በቤቴ ነው። በጥር የመጨረሻው እሑድ መጥተው ቁርጡን እንድንነጋገር ቀጠሮ ሰጥተውኛል።

እኔም አሰብኩበት። ሰው የሚሸጠው ማንም የማይበላበትን ገበታ ነው። ያ ዳቦ ገበታው ላይ ከተመለሰ ልጆቹ ይመለሳሉ፤ ልጆቹ ከተመለሱ ሽያጭ የሚያነሳ አይኖርም። ስለዚህ መጋገር ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ለሰፈሩ ውሻ ሰጠሁት፤ ውሻው አሸተተውና ወስዶ ቀበረው። ሁለተኛው ከፓትራው ሲወድቅ ድምፅ ነበረው።

አንቺ የዱቄት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሪ ሰው ነሽና የጎደለውን ንገሪኝ። እርሾው ነው? ውሃው ነው? እሳቱ ነው? ዱቄቱን ብቻ ተይው፤ እሱ ላይ ጥያቄ የለም። እትዬሽ በሕይወት ሳለችም ወር በገባ ቁጥር ትልቁ ወፍጮ ድረስ ሄጄ፣ እህሉን ዓይቼ፣ ከረጢቱን አስመዝኜ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ የማመጣው እኔ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዳቦ ውስጥ የእኔ ድርሻ ዱቄቱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የእሷ ነው። ያ ድርሻዬ ደግሞ እንከን አልነበረበትም። ዕድሜዬን ሙሉ የገበያ ሚዛን ስቆጣጠር አንድም ሰው አላታለለኝም።

መልስሽን እየጠበቅሁ፣
ጋሼሽ


ጥቅምት 29 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

እንደምን አሉልኝ? ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ጉልበትዎንም ደረጃ አያሳዩት። ደብዳቤዎን በሥራ ልብሴ ኪስ ይዤው ስለምዞር ጠርዙ በዱቄት ነጥቷል። መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው ብል ያምኑኛልና፣ እንደዚያው ይሁን።

ለቅሶው ላይ አለመቆሜ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እዚህ ማንም እትዬን አያውቃትም። ሲከፋኝ የማወራላት ለሊጥ ነው።

ሥራዬን ጠይቀውኝ ስለማያውቁ ልንገርዎት። የጭነት መኪና ዱቄት ሊወስድ ሲቆም፣ ከየጭነቱ አንዳንድ ጭብጥ ይመጣልኛል። በውሃ እለውሰዋለሁ፣ ጥቂት አሳርፈዋለሁ፣ ከዚያ ቧንቧ ሥር ይዤ አጥበዋለሁ። ነጩ ታጥቦ ይሄድና እጄ ላይ ማስቲካ የመሰለ ነገር ይቀራል። ግሉተን እንለዋለን። ኮሪደሩን የሚያጸዱት ሽማግሌ በሩ ላይ ይቆሙና «አንቺ ልጅ፣ የሚበላ ነገር እያጠብሽ የምትደፊው ያደግሽበት ቤት ተርፏችሁ ነው?» ይሉኛል።

እንግዲህ ያ ማስቲካ ብዙና ጠንካራ ሲሆን ዱቄቱ ብርቱ ይባላል። ከፍ ብሎ የሚቆመውን፣ በቢላ የሚቆረጠውን ትልቅ ዳቦ ይሸከማል። ትንሽና ልፍስፍስ ከሆነ ለኬክ ነው። ለእራት የሚቀርበው ትንሽ ዳቦ፣ ያ እንደ ጥጥ ተነጥሎ የሚወጣው፣ የሚፈልገው መሐከለኛውን ነው። ጋሼ፣ ጥሩ ዱቄትና ለያዙት ሥራ ጥሩ የሆነ ዱቄት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የወታደር ቡት መጥፎ ጫማ አይደለም፤ ግን አድርጎት የሚተኛ የለም።

ሲገዙ በጣትዎ መሐል ይሹት። ብርቱው እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሸሻል፤ ለስለስ ያለው ጨብጠው ሲለቁት የእጅዎን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ያሽትቱትም፤ ዱቄት ሲሰነብት ያደረ ዘይት ይሸታል። የታጠበ ነጠላ የመሰለ ንጣቱ አይማርክዎ፤ ወደ ክሬም የሚያደላው ይሻላል። የተፈጨበትን ቀን ሳያነቡ አይክፈሉ።

እስቲ ደግሞ ለሙከራ ያህል ከማዕዘኑ ሱቅ ተራውን የፉርኖ ዱቄት አንድ ኪሎ ገዝተው ይሞክሩት። ለእኔ ሲሉ።

እጅዎን እስማለሁ፣
ፌንጣ


ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለሳይንቲስቷ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ፤ ከብርድ ከምቀኛ ይጠብቅሽ። ለእኔ አታስቢ፤ ሥራ በዝቶብኝ ለመታመም ጊዜ አላገኘሁም።

ያልሽኝን አደረግኩ። ሊጡን ቧንቧ ሥር ይዤ አጠብኩት። እጄ ላይ የቀረው ነገር እንደ ብስክሌት የውስጥ ጎማ ይሳባል። አንዱን ጫፍ ከማድ ቤቱ በር እጀታ ጋር አስሬ ጎተትኩት፤ በሩ ተከፈተ። እንግዲህ ዱቄቴ ብርቱ መሆኑን በሳይንስ ስላረጋገጥሽልኝ አመሰግናለሁ።

የማዕዘኑን ሱቅ ነገር ግን ከአንቺ አልጠበቅሁም። ያ ባለሱቅ ስኳር ሲመዝን አውራ ጣቱን ጨምሮ የሚመዝን ሰው ነው፤ በሥራ ዘመኔ ከአንዴም ሁለቴ ቀጥቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ሲያየኝ እጁን ከኋላው ይደብቃል። የእሱ ዱቄት በዚህ ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም። እትዬሽ ብትሰማሽ ምን ትል ነበር?

ልጆቹን ባለፈው እሑድ ለልምምድ ጠራኋቸው። መሐንዲሱ አንዱን ዳቦ በእጁ አገላብጦ መረመረና፣

«አባዬ፣ ይሄ ስንት ፎቅ ይሸከማል?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ብላ» አለችው እህቱ። «ኧረ ይጣፍጣል አባዬ፣ ሙት።»

እሷ ሙት ስትል ልቤ አያምናትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትምለው ስትዋሽ ብቻ ነው። የቀረውን በናፕኪን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ ቦርሳዋ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ነበር። በሩ ላይ ቆመው ወንድሟ በዝግታ «ያው ነው እንግዲህ፣ በጥር» ሲላት ሰማሁ። ጆሮዬ ገና አልደከመም፤ ይህንን አያውቁም።

ሌላ ወሬ የለም። ወይዘሮ እሺን ታስታውሻት የለ? ከግንቡ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፣ ለሁሉም ነገር «እሺ» ብላ የፈለገችውን የምታደርገዋ። ለተማሪዎች ማደሪያ የምታቀርበው ትልቁ ዳቦዋ መውደቅ ጀምሯል አሉ። ቀድሞ እንደ መስጊድ ጉልላት ይቆም የነበረው አሁን የተቀመጡበት ኮፍያ መስሏል። የማደሪያው ወጥ ቤት ሌላ ጋጋሪ ሊፈልግ ነው ይባላል። ሰፈርተኛው «ወዳጇ ከሞተችባት ወዲህ እጇን ሐዘን ያዘው» ይላል። ሊሆን ይችላል። እንግዲህ እኔና እሷ ከግንቡ ወዲህና ወዲያ ሆነን ንጣፍ ድንጋይ እያመረትን ነው።

ምን ላድርግ? እርሾ ልጨምር?

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። ወረቀቱን አወጣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የምሠራው በዝቶ ሳይሆን፣ የምጽፈው ሲጠፋኝ ነው የሰነበትኩት።

እርሾ አይጨምሩ። ውሃ ይጨምሩ፤ ብርቱ ዱቄት ውሃ ይጠጣል። ግማሹን ውሃ በወተት ይተኩት፣ ቅቤ ለስለስ ያደርገዋል። ከቦካ በኋላ አይቸኩሉት፤ ተሸፍኖ ኩፍ ይበል። ሊጡን ሲያሹት እየተዋጋዎት ከሆነ ትተውት ይቀመጡ፤ ሁለታችሁም ታርፋላችሁ። ይህ ሁሉ ይረዳል። አንድ ዓይነት ሌላ ዱቄት ግማሽ በግማሽ ቢቀላቀልበት ደግሞ የበለጠ ይረዳ ነበር፤ አንዴ ተናግሬያለሁና አልደግመውም።

ወይዘሮ እሺ እንዴት ናት? ዳቦዋ መቼ ጀምሮ ነው የወደቀው? ወጥ ቤቱ እስካሁን ይወስድላታል? በግንቡ ላይ ታናግርዎታለች? ከጓሮ ስታይዎት ምን ትላለች?

የእርስዎስ ጤና?

ፌንጣ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለፌንጣ፣

ደህና ነሽ ወይ? ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ወይዘሮ እሺ የጥያቄ ናዳ አውርደሽብኛል፤ ስለ እኔ ጤና አንዲት፣ እሷም መጨረሻ ላይ፣ እንደ ተረሳ ጨው። ቅር አላለኝም። ዳቦዋ አሁንም ወድቋል፤ ወጥ ቤቱ እስከ ጥር መጨረሻ ታግሷታል። ከጓሮ ስታየኝ ሳህን የያዝኩ ይመስል እጄን እጄን ታያለች፤ ከዚያ «እንዴት ዋሉ» ትለኝና ትገባለች። ሰው እጁን የሚታየው ሌባ ሲሆን ነው። ምን እንደሰረቅኳት አላውቅም።

ወተቱም ቅቤውም ገባ። ድንጋዩ ረጠበ፤ ድንጋይነቱን ግን አልተወም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ አንድ ደላላ ይዛ መጣች። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ ጠረገ። ሳሎኑን በሜትር ለካ፣ መኝታ ቤቱን ለካ። ማድ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሜትሩን እንዳየሁት ሁለት ጣት ያህል ከጫፉ ተቆርጧል። በሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያው ላይ እቀጣው ነበር። አሁን ግን አለፍኩት። ቤቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ሰፋ፤ ማን ተጎዳ?

ያን ቀን ማታ እውነቱን ለራሴ ነገርኩት። ምናልባት ልጆቹ ልክ ናቸው። ገበታ ማለት እናታቸው ነበረች፣ እኔ ወንበሩን ነበር የማሞቀው። ያ ዳቦ አብሯት ከሄደ ሄዷል፤ ዱቄት መሸከም መጋገር አይደለም። ልብሴን ሁለት ቦታ መክፈል ጀምሬያለሁ፤ የብርዱ እሷ ጋ፣ የሙቀቱ እሱ ጋ።

ባለፈው ከፋብሪካችሁ ዱቄት ትልኪልኝ ዘንድ ልለምንሽ አስቤ ነበር። አሁን ተይው። ጥያቄ የለኝም። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ።

ጋሼሽ


ጥር 2 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

«ጥያቄ የለኝም» ያሉበትን ቦታ ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎን ያለ ጥያቄ አላውቅዎትም፤ የልደት ኬኬን እንኳ ከመቆረሱ በፊት ሚዛን ላይ ያወጡ ሰው ነዎት። ስለዚህ የምነግርዎትን ሳይጠይቁ ያድርጉልኝ።

ሰማያዊውን ጎድጓዳ ሳህን ያውጡ። ከዱቄትዎ ይሙሉት። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ እሺ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ግንቡ ዝቅ የሚልበት ቦታ ሄደው ሳህኑን ግንቡ ላይ ያስቀምጡት። አንድ ቃል አይተንፍሱ። የምታደርገውን ዝም ብለው ይዩ፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። የምትሰጥዎትን ተቀብለው ይጋግሩበት።

ከዚያ በኋላ ሊቆጡኝ ቢፈልጉ መብትዎ ነው። ልብሱን ግን ወደ ቁም ሣጥኑ ይመልሱት።

ፌንጣ


ጥር 8 ቀን

ለፌንጣ፣

ሳህኑን አስቀመጥኩ። ወይዘሮ እሺ ቀና ብላ አየችኝ፤ የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጥላ መጣች። ሳህኔን አንስታ ገባች። ስትመለስ ያንኑ ሳህን ሌላ ዱቄት ሞልታ ነው። ግንቡ ላይ አኖረችውና «ምነው ቆያችሁ?» አለችኝ።

ጨበጥኩት። የእጄን ቅርጽ ይዞ ቀረ። የማዕዘኑ ሱቅ ነው፤ ያን ባለሱቅ በዱቄቱም አውቀዋለሁ።

ከመቼ ጀምሮ ነው?

ጋሼሽ


ጥር 14 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

ለውድ ጋሼ፣

እኔ ቤትዎ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ነው።

እትዬ እንደነገረችኝ፣ ገና እንደተጋባችሁ የመጀመሪያውን ከረጢት ተሸክመው መጥተው ማድ ቤቱ መሐል አሳረፉት። በሩን ተደግፈው ቆሙ። ምስጋና እየጠበቁ ረጅም ሰዓት ከዚያ አልተነሱም አለች። እሷም ጋገረች። ዳቦው ከረረ። እርስዎ አንድ ሳያስቀሩ በልተው «ጥርስ ያጠነክራል» አሉ። በነጋታው እትዬ ጓሮ ወጥታ ስታለቅስ፣ ከግንቡ ማዶ ወይዘሮ እሺ ደግሞ በወደቀ ዳቦዋ እያለቀሰች ነበር። የሱቁ ዱቄት ለትልቅ ዳቦ አቅም የለውም። ሁለት የከፋቸው ሴቶች አንድ ግንብ ላይ ተገናኙ፤ ሳህን ተለዋወጡ፤ በማግስቱ የሁለቱም ዳቦ ተነሳ።

እኔ ቁመቴ ግንቡን መዝለል ሲችል ሳህኑ ወደ እኔ ተላለፈ። አንድ ቀን «ለምን አትነግሪያቸውም?» ብዬ ጠየቅኳት። «የሚኮራበትን አትንኪበት፤ ዱቄቱን ብቻ ለውጪ» አለችኝ። ባዶ ከረጢትዎን አጥባ ጓዳው ውስጥ እርስዎ በሚያዩት በኩል የምትሰቅለውም ለዚሁ ነበር።

እነዚያን ሁሉ ወራት «ሌላ ዱቄት ይሞክሩ» እያልኩ ዙሪያውን የዞርኩት አደራዋ አፌን ይዞኝ ነው። ወይዘሮ እሺ ዳቦዋ ወደቀ ብለው ሲጽፉልኝ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ዱቄታችሁ በየቤቱ ቀርቶ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ። እንደዚያም ሆኖ አልደፈርኩም። ልብስዎን ለሁለት ሲከፍሉ ግን አደራው ቀለለብኝ። ቤቱ ይሸጥ ብላ አላሰረችኝማ።

አታለለችኝ እንዳይሉ። የሚያታልል ሰው የሆነ ነገር ይወስዳል። እርስዎ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ እትዬ ምን ጎደለችብዎት?

ለእሑዱ ዳቦ ሊጡን አያጥብቁት። እጅ ላይ ትንሽ ይያዝ።

ፌንጣ


የካቲት 3 ቀን

ይድረስ ለውድ ልጄ ለፌንጣ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የምታጥቢው ሊጥ ሁሉ ይባረክ፤ ለኮሪደሩ ሽማግሌም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ተቆጥቼ ነበር። ለመቆጣት ግን ሰው ያስፈልጋል። አንዷ ሞታለች፣ አንዷ ባሕር ማዶ ናት፣ ሦስተኛዋ የምትለው «እሺ» ነው። በጓሮው ወዲያና ወዲህ ስል ዋልኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር። በየገበያው ሰባት ዓይነት ማጭበርበሪያ በጠረኑ የማውቅ ሰው፣ በገዛ ማድ ቤቴ፣ በሰማያዊ ሳህን! ጥያቄሽን ግን ልመልሰው ሞከርኩ፤ ምን ጎደለችብኝ? በሚዛኑ በአንድ በኩል ያን ሁሉ ዘመን አስቀመጥኩ፣ በሌላ በኩል የጎደለብኝን ልጭን ፈለግኩ። የምጭነው አጣሁ።

እሑድ መጡ። መሐንዲሱ ወረቀት የያዘ ፎልደር በብብቱ ነበር። እህቱ ገና ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመችና አየሩን አሸተተች። ፓትራውን አወጣሁና ገበታው ላይ ጨርቅ አንጥፌ አስቀመጥኩት። ሳይበርድ አትንኩ ልል ነበር፤ አልደረስኩም። አንዱን ከጎረቤቱ ስትነጥለው እንደ ጥጥ ተሳበላት።

ጎረሰች። ከዚያ፣

«አባዬ፣ ይሄ የእማዬ ነው» አለች። አልማለችም። «ዱቄቱ የትኛው ነው?»

ወንድሟም መጉረሱን ትቶ አየኝ። መቼም እውነቱን ለማውጣት ጥሩ አጋጣሚ ነበር።

«እኔ የማመጣው ነዋ» አልኩ። «ሌላ ምን አለ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስቀጣበት የኖርኩትን ሠራሁ። ሴትዮዋ ለዘመናት የጠበቀችልኝን ነገር እኔ በአንድ እራት ላፈርሰው አልፈለግኩም።

ዳቦው ግን ከሚገባው በላይ ሠራ። በልተው ሲጠግቡ እህትየዋ «በቃ እኔ ጋ ትሆናለህ፣ በየሳምንቱ ትጋግርልናለህ» አለች። ወንድሟ «ለምን አንቺ ጋ? የእኔ ምድጃ አይሻልም?» አላት። ቀድሞ ልቀመጥባቸው ተራ ይዘው የነበሩ ልጆች አሁን ይሻሙኝ ጀመር። ፈራሁ።

«ይሄ ዱቄት ከዚህ ቤት ከወጣ አይነሳም» አልኳቸው። «እዚህ የለመደ ነው።»

«ዱቄት ይለምዳል እንዴ?» አለ መሐንዲሱ።

«ፌንጣን ጠይቃት፤ ሳይንስ ነው።»

ትንሽ አሰበና ሌላ ዳቦ አነሳ። ከዚያ ፎልደሩ ትዝ አለው። «እንግዲህ የቤቱ ጉዳይ...» ብሎ ጀመረ።

«የምን ቤት?» አለች እህቱ አፏ እንደሞላ።

ፎልደሩ ወንበሩ ሥር ቀረ። እስካሁን የሚወስደው አልተገኘም። መኪናው ግን በቀጣዩ እሑድ በሰላም ደረሰች፤ እህቱንም ራስ ምታቱ ለቋታል።

አሁን በየሁለት ሦስት ቀኑ ሳህን ይዤ ግንቡ ጋ እቆማለሁ። ወይዘሮ እሺ ከ«እሺ» ሌላም ቃል እንዳላት ደርሼበታለሁ። «ሐዘን ቤት ሰው ዱቄት ይጠይቃል እንዴ? ለዚያ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። ወጥ ቤቱ ሌላ ጋጋሪ መፈለጉን ትቷል። ደግሞ እትዬሽ ሳህኑን ባስቀመጠች ቁጥር የምትላትን ነገረችኝ፤ «የባሌ ምርጫ ነው፤ አደራ እንዳታበላሺው» ትላት ነበር አሉ። በየጊዜው። አንዴም ሳትዘል።

ትናንት አንድ ትልቅ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ በግንቡ ላይ አቀበለችኝ። እኛ ቤት ለትልቅ ዳቦ ቦታ ስላልነበረው፣ ያን ሁሉ ዘመን አጠገቧ ስኖር ቀምሼላት አላውቅም። ገበታው ላይ አቆምኩት፤ ቆመ። ስጫነው ተመልሶ ተነሳ። በቢላ አንድ ቁራጭ አነሳሁና ቁጭ ብዬ ምንም ሳልቀባ በላሁት።

ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ቢሆንም ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ለአንቺም እጽፈዋለሁ። ጥሩ ዱቄት ነው። ድሮም ብዬ ነበር።

ጋሼሽ